ውዳሴ 61

የአዲስ አበባን ዳርቻ የጎርፍ መውረጃ የሚቀምሩልንን ባለሙያዎች በወጉ ያመሰገናቸው የለም። ያሳፍራል። ሌላው ሕዝብ ጎርፍ እንዲቀንስለት ግድብ ይሠራል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ይጸልያል። ለእነሱ ግን ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ይበቃቸዋል።

ቁጥሩ ከርቭ ነምበር ይባላል፤ ከዘነበው ስንቱ ጎርፍ እንደሚሆን ማስያ ነው። የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ መሬት ብሎ ያወጣው ነው። ዝቅ ሲል መሬቱ ውሃ ጠጪ ነው ማለት ነው። ወደ 100 ሲጠጋ የወረደው ሁሉ ይንደረደራል፤ አስፋልት ለምሳሌ 98 ነው። አፈሩም ከኤ እስከ ዲ ይመደባል። ኤ አሸዋማው ነው፣ ዲ ደግሞ ውሃ አላስገባም ባዩ። የመሬቱን ዓይነትና አፈሩን አገናኝቶ ቁጥሩን የሚሰጥ ሠንጠረዥ አለ፤ እሱን ማንም ያነበዋል። ጥበቡ ጣት የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ማወቁ ላይ ነው።

የእኛ ሰዎች ጣት የሚያርፈው «ጥሩ የግጦሽ መሬት፣ አፈር ቢ» የሚለው ላይ ነው። 61።

እስቲ ከአቃቂ ወዲያ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ወጣ በሉና ይህን ግጦሽ እዩት። ኮንዶሚኒየሙ፣ ኮብልስቶኑ፣ ቆርቆሮው፣ ግቢውን እስከ አጥሩ ጥግ በሲሚንቶ የለሰነው ጎረቤት። አፈሩ መረሬ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና ግጥም ብሎ ይዘጋል። ጫማ ይዞ የሚያስቀረው ያ ጥቁር ጭቃ፣ እሱ ነው። በሠንጠረዡ ዲ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ላሞቹ ገና እየጋጡ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው።

ሒሳቡን እንየው፣ ውበቱ እዚያ ነውና። በአንድ ቀን 60 ሚሊሜትር ዘነበ እንበል። 25400ን ለ61 አካፍላችሁ 254 ትቀንሳላችሁ፤ መሬቱ 162 ሚሊሜትር ገደማ መያዝ ይችላል ይላችኋል። የዚህ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 32 ሚሊሜትሩ፣ ጎርፍ ሳይጀምር እዚያው ይቀራል። ተቀናንሶ ተባዝቶ ወደ ቱቦው የሚሄደው 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዲ አፈር ላይ ለተጠጋጋ የመኖሪያ ሰፈር የተጻፈውን 92 ብታስገቡስ? 40 ሚሊሜትር ገደማ። በሄክታር 40 ሜትር ኩብ የነበረው 400 ሆነ ማለት ነው። ጣት ሌላ መስመር ላይ ስላረፈ ብቻ ከጎርፉ አሥር እጅ ዘጠኙ ጠፋ! ይህን ያህል ውሃ ያለ አንድ አካፋ ያስቀረ ሰው ሜዳሊያ ይነሰው?

አንዳንድ ነገረኛ «መጀመሪያ የመሬቱን ቁጥር እወቅ፣ ከዚያ ቱቦውን ምረጥ» ይላል። የእኛዎቹ ጨዋ ናቸው፤ በጀቱን ያስቀድማሉ። በጀቱ ቀጭን ቱቦ ካለ ቁጥሩ ሳያንገራግር ዝቅ ይላል። ጎርፉን የሚያሰላላቸው ሄክ ኤችኤምኤስም ቢሆን በነጻ የሚገኝ ጨዋ ሶፍትዌር ነው። ወጥቶ መሬቱን ልይ አይልም። የሰጡትን ይቀበላል፣ ባለቀለም ግራፍ ይመርቃል። በባለቀለም ግራፍ ደግሞ ማን ይከራከራል?

ስሌቱ ከዝናቡ በፊት አፈሩ ምን ያህል እንደራሰም ይጠይቃል። ደረቅ፣ መካከለኛ ወይስ እርጥብ? ነሐሴ ላይ፣ ወር ሙሉ ሲዘንብበት የከረመን መረሬ «መካከለኛ» ለማለት ትልቅ የመንፈስ ጽናት ያስፈልጋል። ሳይት ወርዳችሁ እዩት እንዳንል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ አይመቻቸውም።

ሪፖርቱን የሚያጸድቁትም አይረሱ። ጥራዙ ወፍራም፣ ሽፋኑ የሚያብለጨልጭ መሆኑን አረጋግጠው ይፈርማሉ።

ከዚያ ያ 4 ሚሊሜትር ይመጣል። የማንሆሉን ክዳን ያነሳል። የባጃጅ ተሳፋሪ እግሩን ወንበር ላይ ይሰቅላል። ጎረምሶች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ሰው በጀርባቸው እያዘሉ በክፍያ ያሻግራሉ፤ ሥራ ፈጠራ ይሏችኋል ይሄ ነው። ጫማቸውን በፌስታል የያዙ አንዲት እናት፣ ፎቶ ሊያነሳ የመጣውን ኢንጂነር «ልጄ፣ ይሄ ቱቦ የጎርፍ ነው የእጅ መታጠቢያ?» ይሉታል። ባያውቁ ነው። የቆሙት ለምለም ሣር ላይ መሆኑን ማን ነግሯቸው!

በማግስቱ መግለጫ ይወጣል፤ «ያልተጠበቀ ከባድ ዝናብ»። በክረምት። ዝናብ። ሳይጠበቅ።

ቀጥሎ ኮብልስቶኑ ይነቀላል፣ አዲስ በጀት ይያዛል፣ አዲስ ጥናት ይታዘዛል። ጥናቱ የሚፈለገው ለሰኞ ነው። ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ውስጥ አንዱ ለአንዱ፦ «የድሮው ፋይል አለህ አይደል? ቀኑን ብቻ ቀይረው።»