ቀለም የተቀባው በሬ

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ፎቶ ያንሱን!»

አንዴ የተባለው አስራ ዘጠኝ ሆነ። ቆጥሬዋለሁ። (ጋሼ መባሌን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።)

ያለነው ኦስትሪያ፣ ሳልዝቡርግ ከተማ፣ ሆሄንሳልዝቡርግ ግንብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ሰው የሚያመላልስ ባቡር እያለ አቀበቱን በእግሬ ወጣሁት። «በእግር ሲሆን ታሪኩ ይገባል» ብዬ። የገባኝ የጉልበቴ ታሪክ ነው።

ልጅቷ መጀመሪያ በቀይ ሻርፕ ተነሳች። ቀጥሎ ያለ ሻርፕ። ከዚያ የጓደኛዋን ጃኬት ተዋሰች። ሊቀ ጳጳስ ገብሃርድ በ1077 ያስጀመረው ግንብ ግን ያው ነው፤ ልብስ አይቀይርም።

የከተማዋ ተረት ትዝ አለኝ። በ1525 ገበሬዎች አምፀው የከተማዋን ገዥ ሊቀ ጳጳስ ማቴዎስ ላንግን እዚሁ ግንብ ውስጥ ከበቡት። ስንቅ አልቆ አንድ በሬ ብቻ ቀረ ይላል ተረቱ። በየቀኑ ሌላ ቀለም እየቀቡ ግንቡ ላይ አንጎራደዱት። ከታች ያሉት «እነዚህማ ሥጋ ሞልቷቸዋል» ብለው ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። በሬው ወንዝ ወርዶ ታጠበ፤ የከተማዋም ሰዎች «በሬ አጣቢዎች» ተባሉ። ዘዴው ዛሬም ይሠራል። ከታች ሆኖ የሚያየው ጠላት መሆኑ ቀርቶ ተከታይ ሆነ እንጂ።

በሬ ከተነሳ አይቀር፣ የምወዳት ተረት አለች፦ «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።» አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ዘርግቶ ወደ ገደሉ በኩል ኋሊት ይረግጣል። በሬው እንኳ ሳሩን አይቷል። ይሄ የሚያየው ራሱን ነው።

እርግጥ ከፎቶ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ትምህርት ቤት የክፍላችን ፎቶ ሲነሳ ከፊቴ አንድ ረጅም ልጅ ተገተረ። ከዚያ ፎቶ የደረሰኝ ድርሻ አንድ ጆሮ ነው። የግራው። «አንተ የታለህ?» የሚለኝን ሁሉ በጣት እያሳየሁ አረጀሁ።

ይሄስ ይሁን። ውስጥ ግን የግንቡ ሙዚየም አለ፣ የድሮ ክፍለ ጦር ሙዚየም አለ፣ በገመድ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች አሉ። ወርቃማው ክፍል ውስጥ ደግሞ በ1501 የተሠራች ባለ ሸክላ ጡብ የማሞቂያ ምድጃ ቆማለች። ሰው ገብቶ ጀርባውን ይሰጣትና ፈገግ ብሎ ይወጣል። እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። ጀርባ የሚሰጠው ለተጣሉት ሰው ነው። ምድጃዋ ምን በደለች? ጀርባ ለመስጠት ትኬት ይገዛል?

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ «አንዴ ብቻ»።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እዚህች ላይ ዓይኔ ተጨፍኗል።»

ሃያኛውን አነሳሁ። ግንቡ ፎቶው ውስጥ አልገባም። አልነገርኳትም።