ቅርንጫፍ ልቁረጥ ባልኩ ይሄ ሁሉ ውርደት?

አሁን ከሐዋሳ ፒያሳ ገባሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ያቺን የግቢዬን ግራቪሊያ ዛፍ ታውቋታላችሁ፣ አጥሩ ላይ የተጋደመችውን። ለእሷ የሚሆን ቼይንሶ፣ በሞተር የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ ማለት ነው፣ ፍለጋ ነው ይሄ ሁሉ።

«ለቤት የሚሆን አነስ ያለ ቼይንሶ አለ?» አልኩ በትህትና።

ባለሱቁ ከስልኩ ቀና ሳይል «58 ሲሲ አለ።» የሞተሩን መጠን ማለቱ ነው።

«ከእሱ ያነሰ?»

«ያነሰ ምን ያደርግልሻል እናቴ? ይሄ ዋርካ ይጥላል።»

እናቴ! ሽበቱ ጆሮው ጋ ደርሶ እኔን እናቴ!

«ዋርካ የለኝም። የኔ ዛፍ ውፍረቱ 25 ሳንቲም አይሞላም። ምላጩ 14 ኢንች ቢረዝም ይበቃኛል።»

ይኼኔ ቀና አለ። ከዚያ ወደ ጓዳ ጮኸ፣ «አንተ ና ስማ፣ ኢንች ታውቃለች!» ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሚስማር ሊገዛ የመጣው ሁሉ ሳቀ።

እኔም እልህ ያዘኝ። «ዘይቱ ስንት በስንት ነው የሚቀላቀለው?» አልኩት።

«ትንሽ ጠብ ማድረግ ነው።»

ትንሽ ጠብ! ወጥ ነው እንዴ? የቼይንሶ ቱ-ስትሮክ ሞተር እኮ ለብቻው የሞተር ዘይት ቋት የለውም። የሚያለሰልሰው ቤንዚኑ ውስጥ የገባው ዘይት ነው። 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት የሚል አለ፣ 25 ለ1 የሚልም አለ፣ ማሽኑ ይለያያል። ዘይቱ ካነሰ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል። የሰንሰለቱ ዘይት ደግሞ ሌላ ነው፣ በሌላ ቀዳዳ ነው የሚገባው። «ማኑዋሉን አሳየኝ» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ባልሽን ላኪው፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን።»

ባሌን! አምፑል ሲቀይር ወንበር የምይዝለትን ባሌን!

የሰንሰለቱ ፍሬን ይሠራል ወይ ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ ተውኩት። የምላጩ ጫፍ እንጨት ከነካ ማሽኑ ተወርውሮ ፊት ላይ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሰንሰለቱን የሚያቆመው ያ ፍሬን ነው። ለሰውየው ግን ጌጥ ነው መሰለኝ።

ቀጥሎ ያለው ሱቅ ደግሞ እንደ ስቲል ኩባንያ መጋዝ ብርቱካናማና ነጭ የተቀባውን ሁሉ «ኦርጅናል ስቲል፣ የጀርመን» ይላል። ዋጋው ሲጠየቅ «ዶላር ጨምሯል»። ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ መጥረጊያ እንኳ በዶላር ነው የሚታሰበው። ዋስትና? ባለፈው ለሮቶው የገዛሁት ፓምፕም ዋስትና ነበረው። ከሱቁ በር ስወጣ አለቀ።

እሺ ገዛሁ እንበል። ቤንዚኑስ? ማደያ ሄጄ ጠየቅኩ፣ «በጀሪካን ክልክል ነው፣ መኪናሽን ይዘሽ ነይ።» መጋዝ ነው እኮ ወንድሜ! አዝዬው ልሰለፍ? የቀረው በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ነው። እሱ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ፈጣሪ ይወቀው። በዚያ ላይ በዓመት አንዴ ለሚነሳ ማሽን ቤንዚን ራሱ ጣጣ ነው። ተረስቶ ውስጡ ከቆየ ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል፣ ከዚያ ጎትት ጎትት፣ አይነሳም።

ለዚህ ነው የኤሌክትሪክ ይሻለኛል ያልኩት። ቀላል ነው፣ ቅልቅል የለውም፣ ሶኬት ላይ ሰክቶ መቁረጥ ነው። መብራት ካለ ማለቴ ነው። ሃሃ። በባትሪ የሚሠራው ሚኒ አለ ብለው ያሳዩኝ ደግሞ 6 ኢንች ነው። ለጽጌረዳ ይሆናል።

«ሰው ቅጠሪና አስቆርጪ» የምትሉኝን አውቃለሁ። ቀጠርኩ። መጥረቢያ ይዞ መጣ፣ ዛፏን ዞሮ ዞሮ አያትና የጠራው ገንዘብ! በዚያ ላይ ደግሞ «ማገዶውን እወስዳለሁ» አለ። የኔን ዛፍ፣ በኔ ብር!

ደክሞኛል። ክረምቱ ሲገባ ቆርቆሮው ላይ ትውደቅና እንገላገል።

14 ኢንች የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ፍሬን ያለው፣ ሐዋሳ ውስጥ ያየ ካለ ከነዋጋው እዚሁ ይጻፍልኝ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የምትሉ ነጋዴዎች ዛሬ አትድረሱብኝ።