እርዱኝ ያሉት ጌታ

«ኤይድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እኛ አገር የገባው ከዘይት ጋር ነው። ዘይቱ አለቀ፤ ቆርቆሮው ግን የገብስ መለኪያ፣ ከዚያም የጤና አዳም መትከያ ሆኖ በየደጁ ቀረ። በነገራችን ላይ ቆርቆሮው ላይ «ዩኤስኤይድ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ራሱ እርዳታ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኬኔዲ ያቋቋሙት የልማት ድርጅት ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው፤ ሲገጣጠሙ እርዳታ የሚል ድምፅ ሰጡ። ያም ሆነ ይህ፣ ቃሉን በሰማን ቁጥር የሚታየን ሰጪው ከላይ ቆሞ፣ ተቀባዩ ከታች ተሰልፎ ነው።

የቃሉ የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር ግን ሰልፉ ይገለበጣል። የዘር ግንዱ «መርዳት» የሚል የላቲን ግስ ነው። ፈረንሳይ አደገና እንግሊዝን ከያዙት ኖርማኖች ጋር ባሕር ተሻገረ። እስከዚህ ጨዋ ቃል ነበር። እንግሊዝ ሲገባ ግን ሥራ አገኘ፦ ግብር ሰብሳቢ ሆነ። በፊውዳሉ ሥርዓት «ኤይድ» ማለት ከጌታው መሬት የተቀበለ ሰው ለጌታው የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ረጂው ሎሌው፣ ተረጂው ጌታው!

ጌታው «ተቸገርኩ» የሚልባቸው ጊዜያት ሦስት ነበሩ፤ ሲማረክ፣ የበኩር ወንድ ልጁ ናይት (ባለማዕረግ ፈረሰኛ ተዋጊ) ተብሎ ሲሾም፣ የበኩር ሴት ልጁን ሲድር። በ1215 የንጉሡን ሥልጣን የገደበው ማግና ካርታ የተባለው ሰነድ ንጉሡ ከእነዚህ ውጭ ኤይድ እንዳይጠይቅ፣ ካሻውም ከመንግሥቱ ሰዎች ጋር እንዲመክር አሰረው። ስለ ልጅቱ ሠርግ ሲጽፉ ግን «አንድ ጊዜ ብቻ» የምትል ሐረግ ጨመሩ። አንዷን ልጁን ደጋግሞ የዳረ ጌታ ነበር ብዬ አልምልም፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ሐረግ ኪሱ ያልተቃጠለ ሰው አያስበውም።

በ1275 ደግሞ ነገሩ ታሪፍ ወጣለት። አንድን ናይት ለማኖር ለሚበቃ ርስት 20 ሽልንግ፤ ልጁ ለሹመቱ 15 ዓመት፣ ልጅቷ ለጋብቻዋ 7 ዓመት ሲሞላቸው መሰብሰብ ይቻላል። ሰባት! ሙሽሪት የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ የሠርጓ መዋጮ ገቢ ይሆናል።

ከሁሉ የከበደው ኤይድ ግን ለተማረከው የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ የተዋጣው ነው። በ1192 ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ ቪየና አጠገብ ተያዘ፤ ማስለቀቂያው 150,000 ማርክ ተባለ (ማርክ የዚያ ዘመን የብር ማዕድን መመዘኛ ነው)። ሕዝቡ ከገቢውና ከንብረቱ ሩቡን፣ ቤተ ክርስቲያን የብር ንዋየ ቅድሳቷን፣ መነኮሳት የበጎቻቸውን ጠጉር አዋጡ። ይህ ሁሉ በአሥር ዓመት ንግሥናው እንግሊዝ ውስጥ ስድስት ወር ገደማ ብቻ ለኖረ ዳያስፖራ ንጉሥ ነው። የዛሬው ጎፈንድሚ ቢያንስ የተሰበሰበውን ያሳያል።

ኋላ ላይ ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ለፈረንሳይ ዘመቻው ገንዘብ ሲያጥረው የመዋጮውን ስም አሳመረው፤ «ደግነት» አለው። ባለጸጋው ንጉሡ ፊት ይቀርባል፣ በደግነቱ ይሰጣል። እምቢ የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው፤ እምቢ ያለው ሰው ደኅንነት ግን ያን ያህል የተጠበቀ አልነበረም። ደግነቱ ስለበዛ ፓርላማው በ1484 በሕግ ከለከለው። የፊውዳሉ ኤይድም በ1660 ተሻረ።

ወሬው እኛ መሥሪያ ቤት አልደረሰም። እኛ ዘንድ ፊውዳል የወደመው በመፈክር ነው፤ የመዋጮ ዝርዝሩን ማንም አላወደመውም። ሰሞኑን ከፋይናንስ አንዲት ልጅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ የኃላፊያችን ልጅ ልታገባ ነው።»

«እንኳን ደስ አላቸው። ስንት ነው?»

«እንደ አቅም ነው ጋሼ፣ በፈቃደኝነት።»

ወረቀቱን አየሁት። ከላይ ምክትሉ ሁለት ሺህ ብር ጽፈዋል፤ ከሥራቸው ያለው ሁሉ አቅሙ በተአምር እኩል ሁለት ሺህ ሆኗል። የጥበቃው አቅም ብቻ ሁለት መቶ ነው፤ እሱም በቀይ ተሰምሮበታል።

«ይህች ልጅ አምና አላዋጣንላትም እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ያኔ ቀለበት ነበር።»

«ሽምግልናውስ?»

«እሱ እኮ ኮሚቴው ሳይቋቋም ነው» አለችና እስክሪብቶውን ከፍታ ሰጠችኝ። «መልሱና ቅልቅሉ ለብቻው ነው፤ እሱን ደመወዝ ሲወጣ እመጣለሁ።»