የውሸት ደረሰኝ አትጠይቁ፤ የሟችን ቤተሰብም ከሰልስት በኋላ አትተዉ

ወገኖቼ፣ ለጋስነታችንን ማንም አይጠራጠርም። እዚህ አሜሪካ ሌሊት ኡበር ሲነዳ የተተኮሰበት ወንድም፣ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ሲቀበል የተገደለ አባት ሲኖር፣ ከቀብሩ በፊት ገንዘቡ ይደርሳል። ሟቹን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል። በዚህ እንመሰገናለን። የምወቅሳችሁ ከዚያ በኋላ በምናደርገው ነው።

የታክስ ሰሞን ሲደርስ፣ የሰጠነውን ታክስ ከሚሰላበት ገቢ ላይ ለማስቀነስ ምን እንደምንሠራ እናውቃለን። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ቅዳሴ አልቆ ሰው ቡና እየጠጣ ሳለ፣ አንድ ሰው ገንዘብ ያዥዋ ፊት ሲቆም አየሁ። «እትዬ፣ ያኔ ለሟች ቤተሰብ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ) የላክሁትን አምስት መቶ ዶላር በቤተ ክርስቲያኑ ደረሰኝ ይጻፉልኝ። ያው ለጽድቅ አይደል የሰጠሁት?» አላቸው። እሳቸው የደረሰኙን ጥራዝ ዘግተው እጃቸውን አሳረፉበትና «ልጄ፣ በእኔ እጅ ላላለፈ ገንዘብ እንዴት ብዬ ልፈርም?» አሉት። ተቀይሟቸው ወጣ። ቆይተው ሌሎችም ያንኑ ጠየቋቸው።

ይሄ ነውር ነው። የሟችን ስም ጠርቶ ሐሰት ማስፈረም ነው። ቢደረስበት የሚጠየቀው ሰውየው ብቻ አይደለም፤ የሚፈርሙት እናትም፣ ቤተ ክርስቲያኑም መዘዙ ይተርፋቸዋል። ለአንድ ሰው ጥቂት ዶላር ተብሎ የሁላችንም ቤት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሕጉን ማወቅ ከባድ አይደለም። በአሜሪካ የታክስ ሕግ ለአንድ ሰው ወይም ስሙ ለተጠቀሰ አንድ ቤተሰብ የሰጣችሁት ገንዘብ ስጦታ ነው። ታክስ ከሚሰላበት ገቢ ላይ አይቀነስም። ጎፈንድሚ በሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላኩት፣ በዜል ላኩት፣ ፎቶ በተለጠፈበት ሳጥን ውስጥ ክተቱት፣ ለውጥ የለውም። ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥታችሁ «ለእነ እገሌ ብቻ ይድረስልኝ» ብትሉም ያው ነው። ተቀናሽ የሚሆነው ድርጅቱ በገንዘቡ ላይ ሙሉ ሥልጣን ኖሮት ለማን፣ ስንት እንደሚሰጥ ራሱ ሲወስን ነው።

በሌላ በኩል ያለ ምክንያት የምንፈራው ነገር አለ። «ጎፈንድሚው ታክስ ይበላዋል» እያልን ሐዘንተኛዋን እናስጨንቃታለን። ሰው ከልቡ በስጦታ የላከላት ገንዘብ ገቢ ተብሎ የገቢ ታክስ አይከፈልበትም። ማን ምን እንደላከ መዝግቦ መያዝ፣ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ወይም ከድረ ገጹ ወረቀት ከመጣም ለአካውንታንት ማሳየት ነው እንጂ አያስደነግጥም።

ሕጉ እንዲህ ጠባብ መሆኑን ኮንግረስም ያውቃል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2014 ዌንጂያን ሊዩ እና ራፋኤል ራሞስ የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ፖሊሶች ብሩክሊን ውስጥ መኪናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ተገደሉ። ሕዝቡ ለቤተሰቦቻቸው አዋጣ። ኮንግረስ ለእነሱ ብሎ ልዩ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም ኤፕሪል 1 ቀን 2015 ፈረሙበት። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2015 ለእነዚህ ቤተሰቦች የተሰጠ ገንዘብ በ2014 ታክስ ላይ እንዲቀነስ ተፈቀደ። መዋጮው ለሁለቱ ቤተሰቦች ብቻ መሆኑ እንደማያግደውም በግልጽ ተጻፈ። ልዩ ሕግ ባይወጣ ኖሮ ይህ አይፈቀድም ነበር።

ለፖሊሶቹ የተደረገው ተገቢ ነው። የሚከነክነኝ ሌላው ነው። ሌሊት ሲነዳ ለተገደለው ሾፌር ኮንግረስ አይሰበሰብም። ልጆቹ ግን እኩል ወላጅ አጥተዋል። ዜግነት አግኝታችሁ የምትመርጡ፣ ይህንን ለተወካዮቻችሁ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? ድምፃችንን የምናስታውሰው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ስንከራከር ብቻ ነው። በወንጀል ለተገደለ ለማንኛውም ሰው ቤተሰብ የሚሰጥ መዋጮ ተቀናሽ ይሁን ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው።

እስከዚያው ዛሬ ባለው ሕግ መሥራት እንችላለን። ቤተ ክርስቲያኖቻችንና በበጎ አድራጎትነት የተመዘገቡት ማኅበሮቻችን ቋሚ ፈንድ ያቋቁሙ። ፈንዱ ለአንድ ሟች አይሁን፤ በወንጀል ለተጎዳ ቤተሰብ ሁሉ ይሁን። ሰው ሳይሞት በፊት ይቋቋም። ቦርዱ የቤተሰቡን ችግር አይቶ ይወስን፣ ለምን እንደወሰነም ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ዘመድና ወዳጅ የሆነ የቦርድ አባል ከውሳኔው ይውጣ። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫ ይሰጠው። ይህን ግን ከዕድር ጋር አታምታቱ። ለአባላቱ ብቻ የሚከፍል ዕድር መረዳጃ ነው፤ መዋጮው እንደ በጎ አድራጎት አይቀነስም።

«እኔ ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ያለ ዝርዝር የሚፈቀደውን ቁርጥ ቅናሽ) ነው የምወስደው፣ ምን ይጠቅመኛል?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ከ2022 እስከ 2025 ድረስ ልክ ነበራችሁ። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ ግን ዝርዝር የማያቀርብ ሰውም ብቁ ለሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት በጥሬ ገንዘብ ከሰጠው ላይ እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ካቀረቡ እስከ 2,000 ዶላር መቀነስ ይችላሉ። ስለዚህ ሾፌሩም፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛዋም፣ በትክክለኛው መንገድ ከሰጡ ሕጉ ያውቅላቸዋል። ማንም የውሸት ደረሰኝ አያስፈልገውም።

ገንዘቡ በማን አካውንት ይገባል የሚለውም ያሳፍረናል። ሰው በሞተበት ሌሊት ቀድሞ የደወለው ጓደኛ የራሱን ስልክ ቁጥር ይለጥፋል። እሱም በንጹሕ ልብ ያደርገዋል። ወር ሳይሞላ «ብሩ የት ደረሰ?» ይባላል፤ ሚስትየው ሐዘኗን ሳትጨርስ ሐሜት መስማት ትጀምራለች። ሁለት ፈራሚ ያለው የድርጅት አካውንት ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከሰልስት በኋላ መጥፋታችን ነው። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይላካል፣ ፍራሹ ይነሳል፣ ሁሉም ወደ ፈረቃው ይመለሳል። ሴትየዋ የፖስታ ሣጥኗ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ እየሞላ ብቻዋን ትቀራለች። በዚህ አገር በሁሉም ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ለወንጀል ተጎጂዎች ካሳ የሚከፍል ፕሮግራም አለ። በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይደግፈዋል፤ የፌዴራሉ ገንዘብ በዋናነት ከወንጀለኞች ቅጣት የሚሰበሰብ ነው። የቀብር ወጪን፣ የሥነ ልቦና ምክርን፣ በሟቹ ይተዳደሩ ለነበሩት የቀረባቸውን ገቢ እስከተወሰነ መጠን ይሸፍናል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያም አለ፤ በዲሲ የሚያስተዳድረው ፍርድ ቤቱ ነው። ግን ማመልከቻው ቀነ ገደብ አለው፣ ቀነ ገደቡም በየግዛቱ ይለያያል። የፖሊስ ሪፖርት ይጠይቃል፣ የቀብሩን ደረሰኝ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ደረሰኙን ከአበባው ጋር እንጥለዋለን። ሟቹ ተቀጥሮ ሲሠራ ሥራው ላይ ከተገደለ የአሠሪው የሥራ አደጋ መድንም አለ። ልጆች ካሉ ወላጅ ለሞተባቸው የሚሰጠው የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ማኅበራዊ ዋስትና) አበል መጠየቅ አለበት።

«የመንግሥት ብር አልለምንም» የምትል ሐዘንተኛ ካለች፣ ልመና እንዳልሆነ ቁጭ ብላችሁ አስረዷት። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም ብላ የምትፈራም ካለች፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ዜግነት እንደማይጠይቁ ንገሯት፤ ከማመልከቷ በፊት ግን ከጠበቃ ጋር አገናኟት።

እንግሊዝኛ የለመዳችሁ፣ እዚህ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ልጆች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ሃምሳ ዶላር ከመላክ ይልቅ አንድ ቅዳሜ ቅጽ ሙሉላት። የማኅበር አመራሮች፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የፈንዱን ጉዳይ አጀንዳ አድርጋችሁ አቅርቡ፤ አካውንታንትና ጠበቃ ከመካከላችን አይጠፋም፣ ጋብዟቸው። ገንዘብ ያዥዋንም ከእንግዲህ በሐሰት ፈርሚ ብሎ የሚያስጨንቃት ሰው ካለ፣ ብቻዋን እንድትመልስለት አትተዉአት።