ውዳሴ አቋራጭ

የባሕር ዳር ልጅ ዳገት አይፈራም፤ ይንቃል እንጂ። ጣና ራሱ የተኛው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የተወለደ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ፍለጋ ይወጣል? ግን ዓባይ ከሐይቁ ሲለይ ከላይ ማየት ያምረውና ቤዛዊት ኮረብታ መውጣቱ አይቀርም። ጥበቡም የሚታየው ያኔ ነው።

ወደ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት የሚያወጣው መንገድ ዞር ዞር ይላል። የቀየሰው ሰው ሥራ ፈት ሳይሆን አይቀርም። የኛ ሰው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቁጥቋጦውን ገለጥ አድርጎ ቀጥ ይላል፤ ከኋላው ያለውም ይከተለዋል። ሳምንት ሳይሞላ ሣሩ ይረገጣል፣ አፈሩ ይገለጣል። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡም ያንኑ አቋራጭ ይዞ ይወርዳል፤ ጎርፍም ከሰው ይማራል! ጥቅምት ላይ ብትመለሱ የእግር መንገዱን ቦይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ምን ገዶን? ከጎኑ ሌላ እንከፍታለን። «የዳገት መንገድ የሚዞረው ውኃው ጉልበት እንዳያገኝ ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እየተባሉ ያደጉ ናቸው። እንቁላል በእግሩ ይሂድ፤ እኛ ባጃጅ አለን።

ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለው ጢስ ዓባይ እንለፍ። ፏፏቴው ፊት ለፊት የሚያደርሰው አንዱ መንገድ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል ወርዶ ዳገቱን ይወጣል። በዚያ ድልድይ የአገሩ እናቶች እስከ ዛሬ ሸክማቸውን ይዘው፣ አህያቸውን እየነዱ ገበያ ይሄዳሉ። የኛ ጎብኚ አንዲት ስልክና አንዲት ሃይላንድ ተሸክሞ ድልድዩ ጫፍ ላይ ይቆምና «ሌላ መንገድ የለም?» ይላል። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! የሰው ልጅ መንኮራኩር የፈለሰፈው እንዲህ እየጠየቀ መሆን አለበት። (ሃይላንዷ ባዶዋን እዚያው ትቀራለች፤ ባዶ ዕቃ ይዞ መመለስ ደግሞ ነውር ነው።) ሌላ መንገድማ አለ፤ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ ትንሽ መራመድ ነው። ትንሽ መራመዷ ግን እስካሁን መፍትሔ አልተገኘላትም።

ዓባይ ራሱ ከኛ ተምሯል ብል ማጋነን አይሆንም። ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል መወርወር ምን አደከመው? ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ፣ ገደሉን ወደ ጎን ትቶ፣ በተርባይን በኩል ከታች ይወጣል። በተለይ ሁለተኛው ኃይል ማመንጫ በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በበጋ ገደሉ ላይ የሚቀረው ቀጭን ጅረት ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ብቻ፣ ቦዩ ሲጠበው፣ እንደ ድሮው በረጅሙ መንገድ ይወርዳል።

በጎንደር በኩል ስሜን የዘለቁ ወገኖቻችንም አላሳፈሩንም። በገደሉ አፋፍ ከሳንቃበር በግጭ አድርጎ፣ 3,926 ሜትር ላይ ያለውን እሜት ጎጎን አሳይቶ ጨነቅ የሚያደርሰው የእግር መንገድ ቀናት ይፈጃል። የመኪናው መንገድም ጨነቅ ይደርሳል። ታዲያ ለምን? በመስኮት ገደሉን ገረፍ አድርገው፣ ለጭላዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ሰልፊ ተነሥተው፣ «ስሜንን ጨረስነው» ብለው ለምሳ ደባርቅ ይመለሳሉ። ስሜን ግን እንዳለ ነው።

ከሁሉም የምትበልጠው ግን የአጎቴ ልጅ ናት። በቀደም፣ በሚያዝያ ፀሐይ፣ ሐይቁ ዳር ካፌ ተቀምጣ ማኪያቶዋን እየጠጣች የጢስ ዓባይን ፎቶ ለጠፈች። «ዳገቱ ገደለኝ፣ ግን ዋጋ አለው» የሚል ጽሑፍም አለው። ፎቶው ላይ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ጢሱ ሰማይ ነክቷል። ከሥሩ የመጣው ሁሉ «አይዞሽ ጀግና» ይላል፤ አንድ የጢስ ዓባይ ልጅ ብቻ «እህቴ፣ ውኃውን ከየት አመጣሽው?» ብሎ ጠየቃት። ብሎክ አደረገችው።