1780 የሚለው ቁጥር የጠገራውን እድሜ አይናገርም

ደብረ ብርሃንም ደብረ ሲናም ጠገራ ብር (ማርትሬዛውን ማለቴ ነው) ልትገዙ ላሰባችሁ፣ እዚህ ብዙ ሰው "1780 ካለበት ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ነው፣ የተባለውን ከፍላችሁ ውሰዱ" እያለ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ልክ አይደለም። 1780 በፈረንጅ ማሪያ ቴሬዛ (ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግስት) የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዛ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው፣ ሮም ለንደን ቦምቤይ ሁሉ መተውታል፣ ቪየና እንደውም እስከ ዛሬ ትመታዋለች። አያቶቻችን አንኮበር የተገበያዩበትም ትናንት የወጣውም ላዩ ላይ ያው 1780 ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት። ደህናው 28 ግራም አካባቢ ነው (ብዙ ያገለገለ ትንሽ ሊቀል ይችላል)፣ ከሺ እጅ 833ቱ ንጹህ ብር (ሌላው ቅይጥ) ስለሆነ ውስጡ ያለው ንጹህ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው፣ እሱን በእለቱ የግራም ዋጋ አባዙት። ጠርዙ ላይ ከፍ ብሎ የተቀረጸ የላቲን ጽሁፍ መኖሩን እዩ፣ ማግኔት ከሳበው ደግሞ ተዉት። ሻጩ ከሂሳቡ እጥፍ ካለ ለእድሜው ነው የሚያስከፍላችሁ፣ እድሜውን ደግሞ ቁጥሩ አያረጋግጥም። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይ ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነማ ሰብሳቢም ብዙ አይፈልገውም፣ በክብደቱ ብቻ ተደራደሩ።