ፈልገው ያላገኙት ጥናት ክፍት አይባልም

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ በቃል ግጥም ላይ የተሠራ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማንበብ ሌሊት ተነሥቼ በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ድረስ ሄጄ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ አሳየሁ፣ መታወቂያዬን አስያዝኩ። ፎቶ ኮፒ ክልክል ስለነበር ሁለት ቀን ሙሉ በእጄ ስገለብጥ ዋልኩ። ከጥራዙ ጀርባ በተለጠፈው የውሰት ወረቀት ላይ ከእኔ በፊት የሰፈረው የሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ነው። አጥኚዋ ለወራት መንደር ለመንደር ዞራ ከአልቃሾች አፍ የለቀመችው ግጥም ያፈራው አንባቢ ይኸው ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል። ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና በኤች.ፒ. ኩባንያ ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 በነጻ ከተለቀቀ ወዲህ አቅሙ ውስን የሆነ ዩኒቨርሲቲም የራሱን ዲጂታል የጥናት ክምችት ማቋቋም ችሏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ማቅረብ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ብሔራዊ ፖሊሲ አወጣ። ለዚህ የደከሙትን ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ።

አንዳንድ መምህራን «ክፍት ከሆነ ይሰረቃል» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። አቧራ ውስጥ የተቀበረን ጥናት ገልብጦ የራስ ማስመሰል ቀላል ነው፤ ማን አንብቦት ያመሳክራል? አደባባይ የወጣ ሥራ ግን ባለቤቱ ይታወቃል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተጫነ ሁሉ ይገኛል ብለን አምነናል። አይገኝም።

ከስም እንጀምር። የምዝገባው ቅጽ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ስለሆነ «የመጨረሻ ስም» ይጠይቃል። እኛ ዘንድ መጨረሻ ላይ ያለው የአባት ስም ነው፤ ስለዚህ ልጅ ለፍቶ የሠራው ጥናት በአባቱ ስም ይመዘገባል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። ሽፋኑ ላይ «ሰኔ 1998» የሚለውን መዝጋቢው ሳይመነዝር ካስገባው፣ ጥናቱ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ያረጃል።

ከሁሉ የከፋው የፊደሉ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እኛ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ዩኒኮድን ባልተከተሉት የአማርኛ መተየቢያዎች፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ስንተይብ ኖረናል። በእነዚህ የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። «ልቅሶ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ቃሉ መቶ ጊዜ የተጻፈበትን ሰነድ አያገኘውም። ወረቀቱ በስካነር ተነሥቶ ከሆነማ ኮምፒውተሩ የሚያየው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉት ጥናቶች በቀላሉ ሲገኙ፣ በራሳችን ቋንቋ የተሠሩት ለራሳችን አንባቢ ይሰወራሉ። ይህ ያንገበግበኛል።

መፍትሔው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ (ገጾችን አሳንሶ በፊልም ማንሣት) በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን አንሥቶ ቅጂያቸውን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አስቀምጧል። ነገር ግን ፊልሙን ለተመራማሪ ያበቃው ማንሣቱ ብቻ አልነበረም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት ለዓመታት ቁጭ ብለው እያንዳንዱን መጽሐፍ ምን እንደያዘ፣ ማን እንዳስጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ መርምረው በካታሎግ አሰፈሩት። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ ተመራማሪ መለያ ቁጥሩን ጠቅሶ መጽሐፉን ያገኘዋል።

የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ለኮምፒውተር ሰርቨር ገንዘብ አያጡም፤ ሰነዱን አንብቦ ለሚመዘግብ ባለሙያ ግን እጃቸው ያጥራል። ቢያንስ ከአሁን በኋላ ለሚመረቁት ይህን ማድረግ አይከብድም፦ ተማሪው ጥናቱን በዩኒኮድ ተይቦ ያስረክብ፣ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ በአማርኛም ይጻፍ፣ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጽ። ትምህርት ክፍሉም ይህ ሳይሟላ የመጨረሻውን ፊርማ አይፈርም። የድሮዎቹን መልሶ መተየብ ረጅም ሥራ ነው፤ በጀትና የሰው ኃይል ተመድቦለት መጀመር አለበት።

ያንን የቃል ግጥም ጥናት ባለፈው ዓመት ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። በአማርኛ ርእሱ ፈልጌ አልመጣልኝም፤ የአጥኚዋን አባት ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት አጻጻፍ ሞክሬ በአራተኛው ወጣ። ፋይሉን ከፍቼ «እንጉርጉሮ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ በእጄ የገለበጥኩት ገጽ ፊት ለፊቴ ተዘርግቷል፣ ቃሉም መስመሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ኮምፒውተሩ ግን አልተገኘም አለኝ።